እሁድ እሁድ የመጣው ቀስተኛ

ለወንድምዓለም፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ያ ከመጋዘኑ ዕቃ ማንሻ፣ ከፎርክሊፍቱ ስትወርድ አዳልጦህ የጎዳኸው ጎንህ ብርድ ሲመጣ አሁንም ይጠዘጥዝሃል? እህል በሰዓቱ ትቀምሳለህ ወይስ እንደ ድሮህ ቆመህ ጎርሰህ ትሮጣለህ? ተቀይሜሃለሁ። እንዲህ ተቀይሜህም ግን ከጤናህ የማስቀድመው ጥያቄ አላገኘሁም። እኛ ተመስገን ነው። አባዬ ዓይኑ ደከም አለ እንጂ ድምፁ ያው ነው፤ ሲያስነጥስ ጎረቤት ይማርህ ይላል። እማዬ ጉልበቴ አለቀ እያለች ታማርራለች፤ ደረጃውን ግን ከእኔ ቀድማ ትወጣዋለች። አክስታችን ሁሉንም እንደተቆጣች ነው፤ ያልተቆጣችው ሰው ካለ ገና ያልመጣ ሰው ነው። እኔም እዚያው ማተሚያ ቤት፣ እዚያው ጥራዝ ክፍል ነኝ። ጣቶቼ ላይ ሙጫ እየደረቀ ቆዳዬ የእባብ መስሏል።

ይህንን በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ግን አንተ ስልክ ስትይዝ ምላስህ ይተሳሰራል፤ እኔም ካለቀስኩ ቃል አይወጣኝም። ወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ፤ ወረቀት «ቆይ አንዴ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አይልም።

አንተ ወደ ውጭ አገር የሄድክ ሰሞን እንዴት እንደነበርን ታስታውሳለህ? ትደውልና «ደህና ነኝ፣ ሥራ ጥሩ ነው፣ አየሩ ይበርዳል» ብለህ ዝም። እማዬ ስልኩን አስቀምጣ «ልጄን ምላሱን ቆረጡት እንዴ?» ትል ነበር። ከዚያ ነው ያን የኢንተርኔት ጨዋታ ያስተማርከኝ። አንተ ቀስተኛ ሆንክ፣ እኔ ደግሞ ቁስል የምታክም ቅጠል በጣሽ። እሁድ ከምሳ በኋላ ማዳመጫችንን ጆሯችን ላይ አድርገን እንገባለን። እጅህ ሥራ ሲይዝ አንደበትህ ተፈታ። ስለ አለቃህ፣ ስለ ወገብህ፣ ልታገባት ስላሰብካት ስለዚያች የጥርስ ሐኪም ረዳት ያወራኸኝ እዚያ ነው። እሷ ትታህ የሄደች ሰሞን አንድ ወንዝ ዳር ቆመን፣ ቀስተኛህ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ፣ ሆድህን ዘርግፈህ ነገርከኝ። የዚያን ቀን አንድም ጭራቅ አልገደልንም። ስድስት ዓመት ወንድም የነበረኝ በዚያ መስኮት በኩል ነው።

ከዚያ ኩባንያው አሠራሩን ለወጠ። ድሮ በሁለት ዓመት አንዴ ትልቅ ማስፋፊያ ያወጣ ነበር፤ አንድ አዲስ አገር ከነተራራው፣ ከነባሕሩ፣ ከነታሪኩ። ግማሽ ዓመት ዞረን አንጨርሰውም። ዓምና ግን ከእንግዲህ ትንንሽ ማስፋፊያ በየሁለት ወሩ አወጣለሁ ብሎ አወጀ። ወርሃዊ ክፍያው ንቅንቅ አላለም። አንተ ገና ስትሰማው «ሙሉ ዳቦ ይሸጥልን የነበረ ሰው አሁን እየቆረሰ በሙሉ ዳቦ ዋጋ ሊሸጥልን ነው» አልክ። እኔ ተከራከርኩህ። ትልቁ ሲመጣ ጥቂት ወር ሰክረንበት፣ ከዚያ ዓመት ከምናምን እንደ ተለቀቀ ቤት ጭር ይላል፤ ትንሹ ግን ሁሌ የምንመጣበት ምክንያት ይሆነናል አልኩህ። «ለምክንያት ብለሽ ነው እንዴ የምትከፍይው?» ብለህ ሳቅክ። አዎ አልኩህ። «በቃ እሺ፣ ለአንቺ ስል» አልከኝ። ያቺ «ለአንቺ ስል» ናት እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረችው።

ሚያዝያ ላይ ማይክህ እንደተበላሸ፣ ከእንግዲህ በጽሑፍ ብቻ እንደምናወራ ላክህብኝ። አመንኩህ። ሰው ወንድሙን ካላመነ ማንን ያምናል? ቀስተኛህም እሁድ እሁድ ይመጣ ነበር። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ በሰዓቱ ነዋ የሚመጣው! አንተ ለራስህ ልደት እንኳ ዘግይተህ ነው የተወለድከው፤ እማዬ ትመስክር። ቁስሉን ባከምኩለት ቁጥር «አመሰግናለሁ» ይለኛል። በእኔ በኩል ደግሞ ደስታዬ! ወንድሜ ሰው ሆነ፣ ስደት አረመው ብዬ ለእማዬ አወራሁላት። እሷም ለጎረቤት አወራች። እኔ ሳላውቅ ሌላ ሰው አስመሰገንኩ።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ነሐሴ ላይ ስታጠብ ከብብቴ ዝቅ ብሎ፣ ጡቴ ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ዳሰስኩ። ደንግጬ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ፣ አሁንም አለ። ለእማዬ እንዳልነግራት እንቅልፍ ታጣለች። ለአባዬ እንዴት ተብሎ! ለአንተም ቢሆን ሦስት እሁድ አፍሬ ቆየሁ። ሴት ልጅ ይህንን ለወንድሟ ምን ብላ ትጀምራለች? በአራተኛው እሁድ አዲስ የወጣችው ቁራጭ ማስፋፊያ ውስጥ፣ አንድ ጀልባ ላይ እየተሻገርን ሳለ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጻፍኩልህ። የት እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ እንደፈራሁ፣ ሁሉንም። «አንተ ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ» ብዬ ጨረስኩ።

ቀስተኛህ ቆመ። ጀልባዋ ከዳር ደረሰች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ደረሰች፤ እሱ ፍንክች አላለም። ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ይሆናል ብዬ ላጠፋ ስል ጽሑፍ መጣ። «እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህ ለእኔ የሚነገር አልነበረም። እኔ ወንድምሽ አይደለሁም» ይላል። የምትቀልድ መሰለኝና ተናደድኩ። «እማዬ ስትቆጣህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?» አልኩት። «አላውቅም» አለኝ። ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ ወሬ፣ የአባዬ ዓይን፣ የእኔ ገላ፣ አንድም ቀን ፊቱን ላላየሁት ሰው!

አብሮህ የሚኖረው መኪና ቀለም ቀቢ መሆኑን እሱው ነገረኝ። ፓስዎርድህን ሰጥተኸው «እሁድ እሁድ ከእህቴ ጋር ግባላት፤ ብዙ አትጻፍ፣ እኔም ብዙ አልናገርም» እንዳልከው ሳይደብቅ ነገረኝ። መጀመሪያ ጨዋታውን ወዶ እንደገባ፣ በኋላ ግን እሁድ በመጣ ቁጥር እያፈረ እንደሚቀመጥ ጻፈልኝ። መጨረሻ ላይ «እኔ ማንም አይደለሁም፤ ግን ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ሂጂ» አለኝና ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልገባም።

ደወልኩልህ፣ አላነሳህም። በማግስቱ የላክህልኝን የድምፅ መልእክት በቃሌ ይዤዋለሁ። «ምን ሆነሽ ነው? ጨዋታ እኮ ነው! ለቁርጥራጭ ነገር በየወሩ መክፈል አንገሸገሸኝ። እሱ ደግሞ መጫወት ይወዳል፣ ክፍያውንም እሱ ነው የሚከፍለው። አንቺም ብቻሽን አልሆንሽም፣ ማን ተጎዳ?» አልከኝ። ወንድምዓለም፣ ማን ተጎዳ ብለህ ስትጠይቅ ድምፅህ ውስጥ ሳቅ ነበር። አልፈርድብህም፤ የነገርኩትን ሰውዬው ለአንተ አልነገረህም። ያ ቀለም ቀቢ ምስጢሬን ከአንተ እንኳ ጠበቀልኝ።

ሐኪም ቤት የሄድኩት ከአክስታችን ጋር ነው። ስነግራት ተቆጣች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ጫማዋን አጠለቀች። ወረፋው ውስጥ ሰዉን ሁሉ ስትቆጣ ዋለች፤ ፈርታ እንደሆነ ገብቶኛል። በመርፌ ቀድተው ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ፤ በዚያ መሃል አንድ የፈተና ደብተር ጥራዝ ገልብጬ ሰፍቼ ሙሉውን በትኜ እንደገና ሠራሁ። ተመስገን፣ ክፉ ነገር አይደለም አሉኝ። የስብ ጓል ነው፤ በየስድስት ወሩ እየመጣሽ እንየው ብለው አሰናበቱኝ። እማዬና አባዬ እስከ ዛሬ አልሰሙም፣ አንተም አታሰማቸው። ላንተ የምጽፍልህ ባዳ የሰማውን ወንድሜ ሳይሰማ መቅረቱ ስላሳፈረኝ ነው።

ያለፈው እሁድ ብቻዬን ገባሁ። ያን የተከራከርንበትን ነገር ራሴ ልየው ብዬ፣ የመጨረሻዋን ማስፋፊያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርኳት። አንድ ድልድይ፣ ሦስት ዋሻ፣ ድሮ የገደልናቸው ጭራቆች ቀለማቸው ተለውጦ። እማዬ «ቡና አፍልተሽ ነይ» ሳትለኝ አለቀች። እኔ ጥራዝ ሠራተኛ ነኝ፤ አንድ መጽሐፍ ስምንት ቦታ ቆርጠው ቢሰጡኝ ስምንት መጽሐፍ እንደማይሆን ማወቅ ነበረብኝ። እውነትህን ነው፤ የሚከፈልበት ነገር አይደለም። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ስላወራኝ ነው ሰፊ አገር የመሰለኝ። ወርሃዊ ክፍያዬን የዚያኑ ቀን አቋረጥኩ። አላለቀስኩም፤ ዝም ብዬ ቅጠል በጣሿን አንድ ጥላ ሥር አስቀምጫት ወጣሁ።

አየህ፣ ስለ ጨዋታው ልክ ነበርክ። ይህ ነው ይበልጥ ያበገነኝ። «ሰለቸኝ፣ መክፈል ይብቃን» ብትለኝ አኮርፍ ነበር፤ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ሌላ የምንገናኝበት እንፈልግ ነበር። ጨዋታ መተው ነውር ነው እንዴ? አንተ ግን ጨዋታውን ትተህ እኔን በተላላኪ አስጠበቅከኝ። እንደ ሕፃን፣ እንዳላለቅስ፣ የሰው ጉያ ውስጥ አስቀመጥከኝ። ከመደበር ልታድነኝ ብለህ ይሆናል፤ ልብህ ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ልቤ አልተመለሰልህም። ውሸት አልችልም፣ ገና አልተመለሰልህም።

አባዬ ብርድ እንዳይመታህ ወገብህን ጠበቅ አድርገህ ታጠቅ ብሎሃል። እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማለች፤ ስታመሰግን እንድትኖር መርቃሃለች፣ እኔም አሜን ብያለሁ። አክስታችን ስድብ ልካለች፤ ወረቀቱ አይበቃም ብዬ አስቀርቼዋለሁ። አንተም ለአከራይህ ለባልቴቷ ሰላምታ አድርስልኝ፤ ጫማህን በር ላይ አውልቅ፣ አታስቆጣት። መጋዘን አብሮህ ለሚሠራው፣ በቁመቱ መሰላል ለምትሉት ሰውም ሰላም በልልኝ፤ አሁንም በሩን በግንባሩ ይገጫል?

ለቀለም ቀቢው ደግሞ ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ ደህና ናት በለው። አልተቀየምኩትም። የዚህን ደብዳቤ መልስ ግን ለእሱ እንዳትሰጠው። ፊደልህ ቢንጋደድ፣ ሁለት መስመር ብቻ ቢሆን፣ ስድብም ቢሆን፣ አንተው ራስህ ጻፈው።

ታናሽ እህትህ
ከአባዬ ቤት፣ ከላይኛው ክፍል
ጥቅምት 14 ቀን፣ ከሥራ መልስ