የኑግ ዘይት የሸተተው ጎማ

ታዴዬ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ካፖርትህን ከምስማሩ አላወረድኩትም፤ ጣሪያው አሁንም በኩሽናው በኩል ያፈስሳል። የተለወጠ ነገር ቢኖር በረንዳው ላይ የቆመው አዲስ ሞተር ሳይክል ነው። እንዳትደነግጥ፣ የሰናይት ነው።

ልጅህ የከብት ሐኪም ሆናለች። ተፍኪ ድረስ በየገበሬው ቤት እየዞረች ስለምትከትብ ያለ ሞተር አይሆንልኝም አለች። እሺም እንቢም አላልኩ። ዝምታዬን ታውቀዋለህ።

ሞተሩ ግቢ ከገባ ወዲህ ግን ዓይኔ አላረፈም። ከሥራ ስትመለስ ቀድሜ የማየው ፊቷን ሳይሆን ኪሎ ሜትሩን ነው። "እማ፣ ሮዳጅ ላይ ነው እኮ፤ አዲስ ሞተር እስኪፍታታ ቀስ ተብሎ ነው የሚነዳው" ትለኛለች። አላምናትም። ቀስ ብላ ከሆነ ጭቃው ለምን እስከ ማጅራቷ ይረጫል? ቁጥሩስ ተፍኪ ደርሶ ከመመለስ ለምን ይበልጣል?

አብሮት የመጣውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል፣ መንገዱን እስኪለምድ መታጠፊያ ላይ ብዙ አያጋድሉ ይላል። ቀጥሎ ያለውን መስመር ግን ሳላነበውም አውቀዋለሁ። ጎማ ላይ ዘይት አይቀቡ።

ከየት እንዳወቅሁት አልነገርኩህም ነበር። ዛሬ ልንገርህ።

የመጀመሪያዋን ሞተርህን ይዘህ ስትገባ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። ነጠላዬ ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ ወገቤ ላይ አጥብቀህ አስረህልኝ፣ እስከ ዓለም ገና ወስደህ መለስከኝ። ስንመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሲያየን አፍሬ ጀርባህ ላይ ተደበቅሁ። በአራተኛው ቀን ለወንድምህ ልጅ ክርስትና ቡራዩ ልትሄድ ተነሳህ። ሰው ፊት እንድታምርልህ ብዬ፣ አንተ ስትታጠብ፣ ሁለቱንም ጎማዎች በኑግ ዘይት ወለወልኳቸው። ልክ ጫማ እንደሚወለወለው። እንዴት እንዳበሩ! አንተ ግን ቸኩለህ ልብ ሳትላቸው ወጣህ።

ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ወደቅህ። ጉልበትህ ከዚያ ወዲያ አልታጠፈልህም፣ ሞተሯም ተሸጠች።

ጎሚስታው ጎረቤታችን ኦቦ ዲንቃ በዋዜማው ጎማህን ነፋስ ሞልተውልህ ነበር። ሞተር ይቅርብህ ብለው መክረውህም ነበር። አንተ ይህንን ከጎማው መሙለጭለጭ ጋር አገናኘህና "ያ ሰውዬ ቀንቶ ጎማዬን የሆነ ነገር ቀባብኝ" አልክ። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ሰማሁ። ነገ እነግረዋለሁ ስል ነገ ሃያ ዓመት ሆነ። እሳቸው በየጠዋቱ በአጥሩ በኩል "አካም ቡልተኒ"፣ እንዴት አደራችሁ፣ ይሉናል፣ አንተ ፊትህን ታዞራለህ። ስማቸውን እንኳ ሳትጠራ ሞትክ። በቀብርህ ቀን ግን አካፋ ይዘው አፈር ከመለሱት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ፊደል የቆጠርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። በሞተርህ መጽሐፍ ውስጥ በቀይ የተሰረዘ የዘይት ጣሳ ሥዕል ከጎማ አጠገብ አይቼ፣ ከሥሩ ምን እንደተጻፈ ማወቅ ፈለግሁ። አንተ ለሰው "ሚስቴ ዳዊት ልትደግም ነው" እያልክ ትኮራብኝ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በር ስከፍት ኦቦ ዲንቃ ግቢያችን ውስጥ ጎንበስ ብለው የሰናይትን ጎማ በጨርቅ ያሻሉ። ሊቀቡባት ነው አልኩ በልቤ። ታዴዬ፣ እሳቸው ያኔ እንዳልቀቡ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እኔው ራሴ ጠረጠርኳቸው!

ሮጬ ጨርቁን ነጠቅኋቸውና አሸተትኩት። የልብስ ሳሙና ነው።

"ልጅቷ ናት እዩልኝ ያለችኝ" አሉ። "ይሄ የፋብሪካ ቅባት ነው። ሳሙናና አሸዋ ካልነካው ይጥላታል።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና "ምነው፣ የኑግ ዘይት መሰለሽ?" አሉ።

የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ያን ቀን ሞተርህን ከመንገድ ያነሷት እሳቸው ናቸው።

"ሸተተኝ እኮ። ጎሚስታ ቤት ደግሞ የወጥ ዘይት የለም" አሉ።

ታዲያ ከሃያ ዓመት በላይ ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። ጨርቁን ከእጄ ተቀብለው ማሸታቸውን ቀጠሉ።

"አዲስ ሙሽሮች ነበራችሁ። ሞተሩም ሮዳጅ ላይ፣ ትዳሩም ሮዳጅ ላይ። እኔን ቢጠላኝ ቤቴ እገባለሁ። አንቺን ቢጠላሽ የት ትገቢያለሽ?"

ተነስቼ ውኃ ቀዳሁላቸው።

አሁን የጎማው ጥቃቅን ፀጉር ረግፏል፣ ጠርዙም ደብዝዟል። ለምዷል ይሉኛል። እኔ ግን ገና አልለመድኩም፤ ኪሎ ሜትሩን ዛሬም አነባለሁ። ለሰናይት ሁሉንም ነገርኳት። አባቷ ኦቦ ዲንቃን ያለ ጥፋታቸው የተቀየማቸው በእናቷ ጥፋት መሆኑን አውቃለች። አልተቆጣችኝም፤ የኑግ ዘይቱን ጠርሙስ ግን አንስታ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው።

ለአንተ ሳልነግርህ መቅረቴን መመለስ አልችልም። አንድ ነገር ግን እችላለሁ። ኦቦ ዲንቃ ጠዋት "አካም ቡልተኒ" ሲሉ መልሱ "ነጋ" ነው። በእሳቸው ቋንቋ ሰላም ማለት ነው፣ በእኛ ደግሞ መንጋት። አንድ ጊዜ ስለ ራሴ፣ አንድ ጊዜ ስለ አንተ ጮክ ብዬ እመልስላቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ አንድም ጠዋት አላጎድልብህም።