ተጠግነው ባዶ ስለሚመጡት ሁለት ሾኮች ለነፍስ አድን ዕቃዎች ጽሕፈት ቤት

የሱቄ መዝገብ፣ ማርች 9፣ ማለዳ። ቤንዚን ሁለት በርሜል። የሞተር ቺንጋ ሦስት። ካንዴላ አንድ ካርቶን። ለነፍስ አድን የሚወጣ የበረዶ ሞተር፦ የለም።

ለክቡር የአውራጃው የነፍስ አድን ዕቃዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለወገብዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ወገብ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ መንደራችን በዚህ ሳምንት በሚገባ ተምሯል።

እኔ በበረዷማው ባሕር ዳር ባለችው በኪቫሉክ መንደር ቤንዚንና መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ አንድ ለእናቱ የነፍስ አድን ሞተራችን ነው፤ የሕመምተኛ ማጓጓዣውን መጎተት የሚችል ሌላ ሞተር በመንደሩ የለም።

አንደኛ፣ ስለ ጥገናው አመሰግናለሁ። ንረት የሚያበርዱትን የፊት ሁለቱን ሾክ አብዞርበሮች በመመሪያዎ መሠረት በአውሮፕላን ላክንልዎ። መሥሪያ ቤትዎ ያረጀውን የዘይት ማገጃ ጎሚኒ ቀየረ፣ ዘይቱን አደሰ፣ ናይትሮጂን ሞላ፣ እንደ መስተዋት ወልውሎም "ተፈትሿል" የሚል ምልክት ለጠፈበት። ቀጥሎም ግፊት ያለበት ዕቃ በአውሮፕላን እንዳይላክ የሚከለክለው ያው መመሪያ ስለሆነ፣ የሞላውን ናይትሮጂን አስተንፍሶ ላከልን። ይህን ያህል የተሟላ አገልግሎት አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ እዚሁ እንዳንሞላው ደግሞ የናይትሮጂን ሲሊንደር በመንደር ማስቀመጥ ለደኅንነታችን ሲባል ክልክል ነው። ስልክ ስደውል ጸሐፊዎ በትሕትና፣ "ወረቀቱ ተጠግኗል ነው የሚለው፤ ተጠግኗል ማለት ሞልቷል ማለት ነው" አለችኝ። "እመቤቴ፣ አሁን በእጄ ይዤዋለሁ፣ ባዶ ነው" ስላት፣ "እሱን እንግዲህ ከአብራሪው ጋር ተነጋገሩ" አለች።

ጋዝ ያለው ሾክ ዘንጉን በመዳፍ ሲጫኑት ቀስ ብሎ ራሱ ተመልሶ ይወጣል። የእርስዎ ግን የተጫኑት ቦታ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፣ እንደ ጥሩ የቢሮ ሠራተኛ። ሞተሩን የሚነዳው ሮስዌል ይህን አይቶ፣ "ኧረ ይሄስ ጡረታ ወጥቷል" አለ። ሳቅን።

ባለፈው ረቡዕ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ከባሕሩ በረዶ ሳይመለሱ ሲቀሩ ሮስዌል ባዶዎቹን ሾኮች ገጥሞ በዚያው ሞተር ወጣ። አክስቱ ሜብል በሬዲዮ፣ "ቀስ በል አንተ ልጅ፤ ራትህን አስቀምጬልሃለሁ" አለችው።

"የካሪቡ አጋዘኗን ምላስ ለማንም እንዳትሰጪብኝ" አላት።

ሦስተኛ፣ እርስ በርሱ ተገፍቶ እንደ ግንብ የቆመ የባሕር በረዶ መመሪያ አያነብም። ሞተሩ ከጉብታው ሲወርድ ሾኮቹ እስከ መጨረሻው ተቀመጡ፣ ብረት ብረትን መታ፣ መንሸራተቻው በረዶው ውስጥ ተሰካ፣ ሮስዌል ከመሪው በላይ ተወረወረ። አጥማጆቹ በእግራቸው ሲመለሱ አገኙት። ሊፈልጋቸው የወጣውን ሰው በድንኳናቸው ሸራ እየጎተቱ አመጡት።

አሁን በእርስዎ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ከወገቡ በታች አይሰማውም። መሥሪያ ቤትዎ "በቶሎ በእግርዎ እንዲቆሙ እንመኛለን" የሚል ካርድ ልኮለታል። ሮስዌል ካርዱን ነርሷ እንድታነብለት ሁለት ጊዜ ጠይቋል። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ።

ትናንት በስልክ ስለ እግሩ አንድም ቃል አላነሳም። "ሾኮቹን አስሞላቸው" ነው ያለኝ፤ "በሚቀጥለው ማን እንደሚወጣ አይታወቅም።"

የምለምንዎ ከቤቶች ራቅ ብሎ በሚቆለፍ የቆርቆሮ መጋዘን የሚቀመጥ አንድ ሲሊንደር ነው። መልስዎ እንደ ሾኮቹ ተፈትሾ፣ ተወልውሎና ባዶ ሆኖ እንዳይደርሰኝ እሰጋለሁ።

የመመሪያዎ ታዛዥ፣ የምልክትዎ አድናቂ፣ በእግሩ ቆሞ ስለሚጽፍልዎ ዕድለኝነት የሚሰማው፣

ኤልመር ታኩሩክ

ማስታወሻ፦ መመሪያዎን ደግሜ አነበብኩት። ስለ አውሮፕላን ብዙ ይላል፤ በበረዶ ላይ ስለሚጎተት ሳጥን ግን አንድም ነገር አይልም። ስለዚህ ሾኮቹን በሳጥን እየጎተትኩ እስከ ደጅዎ የምመጣው፣ ሞልተውም የምመልሳቸው ሕግ አክብሬ ነው። ሾኮቹን ፊቴ ያስሞሉልኛል፣ ዘንጉንም በራስዎ መዳፍ ተጭነው ያሳዩኛል።

ነገ፦ ሾኮቹን ፈትቶ መጫን። በራሴ ሞተር፣ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ከተማ። ሜብል ያስቀመጠችውን ምላስ ለሮስዌል ማድረስ።