ያንቺ በር በኩል ያለው ጎማ

ይድረስ ለታደለች፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጺሜን ራሴ እላጫለሁ። ውሃ ከቧንቧው እስከ ጓሮ እሸከማለሁ፣ በትንሿ ጀሪካን። የመኪና ጎማ ያለማንም እርዳታ አወርዳለሁ፤ መልሶ መግጠሙ ላይ ትንሽ አርፋለሁ እንጂ እሱም አላቃተኝም። ደብዳቤም እንደምታዪው እጽፋለሁ። ልጃችን ምሕረት «አባዬ፣ አንተ ንገረኝና እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ስህተት ካለውም አንቺው ታርሚዋለሽ።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ አልልሽም። እዚህ ቤት ጤናው የሚጠየቀው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ማታ። አንቺ ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው የቡና ለቀማ ሊደርስ ነው። አቮካዶው ዘንድሮ አላፈራም። የጎረቤታችን አጥር ወደኛ ዘሟል፤ ብነግረው «ያዘመመው የርስዎ ግቢ ነው» ይለኛል። ምሕረት የተከራየችውን ቤት ለቅቃ ወደኛ ገብታለች። አንተን ልጠብቅ አትልም፣ «ኪራይ ተወደደብኝ» ነው የምትለው። እኔም ያመንኩ መስዬ ተቀምጫለሁ። ግን መሰላሉን ደበቀችው፣ ታድዬ! በገዛ ቤቴ መሰላል ፈላጊ ሆንኩ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ጂፓችን ነው። ድምፅ አምጥታለች። ከሥር፣ ከጎማዎቹ ዘንግ አካባቢ። ኳኳታ አይደለም፤ ኳኳታ ቢሆን የት እንዳለ አጣዋለሁ? ጥርሱን ነክሶ የሚያጉረመርም ሰው ዓይነት ነው። እምምም ይላል፣ ከዚያ ዝም። ብቻዬን ጭኜ ስመለስ ይመጣል፣ ሰሚ ይዤ ስሄድ ይጠፋል።

ያን ሠርጉ ላይ የጨፈርሽለትን መካኒክ፣ በቀለን ታስታውሺዋለሽ። አሁን ከገበያው በታች የራሱ ጋራዥ አለው። እሱ ዘንድ ወሰድኳት። መጀመሪያ ክሮቼራው ነው አለኝ፣ ያ ከሞተር ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያ። ቀየረው። እምምም። ቀጥሎ ባሌስትራው ነው አለ፣ ያ ከሥሯ ያለው ተደራራቢ ብረት። ፈታ፣ በየመጋጠሚያው ያሉትን ላስቲኮች ለወጠ፣ መልሶ አሰረ። እምምም። በመጨረሻ እስቲ አብረን እንሂድ ብሎ በአስፋልቱ እስከ ጪጩ ደርሰን ተመለስን። ዝም! እንደ አዲስ ሙሽራ ዝም! ጋራዥ ስንመለስ አንዱ «ጋሽ ንጉሤ፣ ድምፁ ስምዎን ጠርቶ ነው የሚያናግርዎት ወይስ በደፈናው?» ሲለኝ ግቢው በሙሉ ሳቀ። ሌላው ደግሞ «ሬዲዮኑን ሳያጠፉት ቀርተው እንዳይሆን» አለ። ሬዲዮ ኖሯት እንደማያውቅ እያወቀ!

ለኔ ግን የሳቅ ነገር አይደለም። ባለፈው ለቀማ የእህትሽን የዘነበችን ቡና ጭኜ ከባንኮ ጎቲቲ ስወጣ ድምፁ ባሰበት፣ ጎማው ይወልቃል ብዬ ዳገቱ ላይ ቆምኩ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ማጠቢያው ካልደረሰ ምን እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም። እስኪደርሱልኝ ጆንያው ውስጥ ግሎ ሸተተ። ማጠቢያው ላይ አንዱን እፍኝ አሽትተው መለሱት። ዘነበች ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «አይዞህ፣ ደከመህ መሰለኝ» ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ደከመህ!

ያን ዕለት ማታ ምሕረት ቁጭ አደረገችኝ። ወይ መኪናዋ ታማለች፣ ወይ አንተ፤ እስቲ ጆሮህን እናስመርምር አለች። ሄድኩላት። ልጅ እግሩ ሐኪም ጆሮዬ ላይ የሆነ ነገር ደፍቶ ሲያጮህ፣ ሲያንሾካሹክ ቆየና «አባባ፣ ቀጭኑ ድምፅ ነው የሚያመልጥዎ፣ ወፍራሙን ደህና ይሰማሉ» አለኝ። የጂፗ እኮ ወፍራም ነው! ይኸን ስነግራት ምሕረት ሳቋን ያዝ አድርጋ፣ «እሺ፣ እስከሚመጣው ለቀማ ጊዜ አለህ። ድምፁ ካልተገኘ ግን ቁልፉን ትሰጠኛለህ፣ እሷም ትሸጣለች» አለችኝ። በንዴት እሺ አልኩ። አንዴ ብያለሁ፣ እንዴት ልመልሰው? ከሐዋሳ የመጣ ገዢ እንኳ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አድርጎ አይቷታል። በእግሩ!

አንቺ ብትኖሪ ይኼ ሁሉ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። እኔ መሪውን እይዛለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ፤ ስንኖር እንደዚያ ነው የኖርነው። መዳፍሽን በሩ ላይ ለጥፈሽ፣ ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ ትሄጂ ነበር። ወደ ይርጋጨፌ ስንሄድ ያን ጊዜ በወሬ መሐል «ቁም» ስትዪኝ፣ ምን ታይቷት ነው ብዬ እያጉተመተምኩ ወረድኩ። የፊት ጎማው ብሎኖች በጣቴ የሚፈቱ ሆነው አገኘኋቸው። አመሰግናለሁ ማለቴን አላስታውስም። አንቺ ደግሞ ወሬሽን ካቆምሽበት ቀጠልሽ።

እና ከሄድሽ ወዲህ ያንቺ ወንበር ላይ ሰው አላስቀመጥኩም። የዝናብ ጥላሽ እንደተጋደመች አለች። የሚሳፈር ከኋላ፣ አግዳሚው ላይ ነው፤ ቄስም ይሁን ሊቀመንበር። በቀለም ያን ቀን ወደ ጪጩ ስንሄድ «ጋሼ፣ ከፊት ልቀመጥና ልስማ» ብሎ እጁን ወደ ጥላሽ ሲሰድ ጮኽኩበት። ኋላ ሄዶ ከክሪኩና ከመፍቻዎቹ ጋር እየተንገጫገጨ ምን ይስማ? «እኔ የሚሰማኝ የርስዎ ክሪክ ብቻ ነው» ቢለኝ በሰው ፊት አጭበርባሪ አልኩት። መሪውን ይስጡኝ ቢል ደግሞ አልሰጥም። እንግዲህ እይው፤ መሪው አይሰጥ፣ ወንበሩ አይነካ፣ ድምፁ ይገኝ! ይኼ የገባኝ አሁን ስጽፈው ነው። ያኔ ጥፋቱ ሁሉ የበቀለ ነበር።

ለቀማው ሲቃረብ ምሕረት አንድ ጠዋት መጣችና «አባዬ፣ ድምፁን የምታውቀው አንተ ነህ። እንግዲያው አንተ ስማ፣ እኔ ልንዳ» አለች። መንጃ ፈቃድ አላት፣ ግን ጂፗን ነክታት አታውቅም። ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት። እራትም አልበላሁም፤ ጎመን ነበር፣ ብዙም አልጎዳኝ። በነጋታው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላት ወጣሁና ኋላ ጆንያ ጆንያ አሸዋ ጫንኩ፤ ባዶዋን ከሆነች ዝም እንደምትል ቢያንስ እሱን ደርሼበት ነበር። ከዚያ እኔም ኋላ ወጥቼ አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ምሕረት መሪውን ይዛ ዞር አለችና «እማዬ አሸዋ ላይ ሆና ነው እንዴ ትሰማ የነበረው?» አለችኝ።

ወረድኩ። ያንቺን በር ከፈትኩ። ጥላሽን አንስቼ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ወንበሩ እንዴት ዝቅ ያለ ነው፣ ታድዬ! መንገዱ ከዚያ አይታይም እኮ። ያን ሁሉ ዘመን መንገዱ ሳይታይሽ ነው አብረሽኝ የሄድሽው?

ይርጋጨፌን አልፈን ከአስፋልቱ ወርደን አቧራውን ስንይዝ መዳፌን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ምሕረት ወደ ግራ ስትጠመዝዝ፣ የአሸዋው ክብደት ወደኔ ሲጋደል፣ መጣ። በጆሮዬ ሳይሆን በመዳፌ ገባ፣ እስከ ክርኔ። ወደ ቀኝ ስትመልስ ጠፋ። «ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። እምምም። ከኋላ፣ በስተቀኝ፣ ከወንበርሽ በስተጀርባ ያለው ጎማ። «አገኘሁት!» ብዬ ስጮኽ ልጅቷ ደንግጣ ፍሬን ያዘች፣ አሸዋው ጀርባዬን መታኝ።

በቀለ ያቺን ጎማ በክሪክ አንስቶ በእጁ ሲያሽከረክራት ራሷ እምምም አለች፤ ሌላ ምስክር አላስፈለገንም። ሲፈታው ኩሽኔታው፣ ጎማውን የሚያሽከረክሩት ብረት እንክብሎች፣ ዝገው ተበልተዋል። ግራሶው ደግሞ ከቀይ ጭቃ ጋር ተቦክቷል። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ወንዝ ውስጥ ቆማ ታውቃለች?» አለኝ። ቆማለች። ወደ ባንኮ ጎቲቲ፣ ወደ ዘመዶችሽ መቃብር ስንወስድሽ፣ በዚያ ዝናብ፣ ወንዙ መሐል በቀኝ ጎኗ ሰምጣ ቆመች። አንቺ ከኋላ ነበርሽ። ወንዶቹ እየገፉ፣ ዘነበች ወገቧ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ እየዘመረች። ከዚያ ወዲያ ጎማ ይፈታ፣ ግራሶ ይቀባ ያለ ሰው አልነበረም፤ ማንስ ያስበዋል። ለበቀለ «አዎ፣ ቆማ ታውቃለች» ብቻ ብዬ ወጥቼ በር ላይ ቆየሁ።

አሁን ጂፗ ዝም ብላለች። አትሸጥም። ለቀማው ሰሞን ግን ጭነት ካለ እኔ ልንዳ፣ አንተ ስማ ትለኛለች ምሕረት። እሺ ማለቴ አይቀርም፤ ግን ትንሽ ትጠብቅ።

ያለብኝን ዕዳ ደግሞ እወቂልኝ። የገንዘብ አይደለም፣ የበቀለን ከፍያለሁ። ምሕረት ይኸንንም «እኔ እጨርስልሃለሁ» ትላለች። አይሆንም፤ በእግሬ ሄጄ በአፌ ነው የምጨርሰው።

ለበቀለ፣ አጭበርባሪ ያልኩት በሰው ፊት ነውና ይቅርታውም በሰው ፊት ነው፣ ያ የሬዲዮኑ ሰውዬም ባለበት።

ለዘነበች፣ የዘንድሮ ቡናዋ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ማጠቢያው ይደርሳል። ጆንያውን የምሸከመውም እኔ ነኝ፤ ትንንሾቹን።

ለምሕረት፣ ጎበዝ ነጂ ናት፤ ማርሽ ስትቀይር ድምፁ እንኳ አይሰማም። ይኸን ለጎረቤት ነግሬያለሁ፣ ለዚያ ለአጥሩ ሰውዬ እንኳ። ለእሷ ግን ገና ነው።

ላንቺ፣ በሄድን ቁጥር እዚያ ወንዝ ዳር አስቁሜ እወርዳለሁ፣ ጎማሽንም በእጄ እዳስሳለሁ። ከዚያ ጥላሽን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ መዳፌን በርሽ ላይ ለጥፌ፣ መንገዱ ሳይታየኝ እስከ መቃብርሽ ድረስ እያሰብኩሽ እሄዳለሁ። ይኼኛው አያልቅልኝም። እንዲያልቅም አልፈልግም።

ባልሽ ንጉሤ፣ በገዛ እጁ