በአንተ በኩል ያለው ቆጥ

ለቀምት፣ ነሐሴ ፳፰ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለአቶ መሸሻ፣ ደምቢ ዶሎ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ዝናቡም ደኅና ነው፤ ጭቃውም ደኅና ነው። ደኅና ያልሰነበቱት ዶሮዎችህ ናቸው።

የላክሃቸው ሽማግሌዎች ባለፈው እሁድ መጥተው ነበር። “ከዘርፈሽ ጋር የነበረው ነገር አብቅቷል፤ ለመስቀል ወደ ቤቴ ልግባ ወይ ይላል” አሉኝ። መልሱን በደብዳቤ እነግረዋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ስምህን ሲጠሩት አቅለሸለሸኝ። ቀኑም አልረዳህም፤ የደረሱት የዶሮ ኩስ በአካፋ ስዝቅ ነው።

የዚያም ምክንያቱ አንተው ነህ። በሐምሌ በጻፍክልኝ ደብዳቤ ላይ “ክረምቱ ብርቱ ነው፤ ነፋስ እንዳይመታቸው የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ሁሉ ድፈኝ” ብለህ አልነበር? እኔም ሞኟ፣ መታዘዝ የለመደብኝ፣ ጭቃና እበት ለውሼ መረግሁት። ከጣሪያው ሥር ያለችውን መስኮት እንኳ በጆንያ ወተፍኳት። ክዳኑ ደግሞ ያ ከቤታችን የተረፈው ቆርቆሮ ነው፤ የሳሩን ክዳን አንስተህ፣ ሰው ይይልኝ ብለህ ያለበስከው።

እሁድ ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ኤጭ! ምን ልበልህ። ሽታው ከአፍንጫዬ አልፎ ዐይኔን አቃጠለኝ። ትንፋሻቸው ቆርቆሮው ላይ ውሃ ሆኖ ጠብ ጠብ ይልባቸዋል። መሬቱ ላይ ኩሱና ገለባው ተላቁጦ ትል ይርመሰመስበታል። ገብስማዋ ዶሮ ሞታ ተጋድማለች፤ ሌሎቹ ላይዋ ላይ ቆመዋል። ቀዩ አውራ ዶሮ፣ ያ አንተ “ጌታው” የምትለው፣ አፍንጫው በንፍጥ ተዘግቶ አፉን ከፍቶ ያጣጥራል። ወጥቼ አጥሩ ሥር አስመለሰኝ።

ጎረቤታችን አዴ ወርቂቱ ሰምታኝ “ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?” እያለች መጣች። አንገቷን አስግጋ አየችና አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች።

“ይሄን ለዶሮ ነው ለጠላት የሠራችሁት?”

“ባሌ ነው ድፈኝ ያለኝ።”

“እሱ ራሱ አንድ ቀን ይደርበት እስቲ!”

አላፈርኩም፣ ሳቅኩ። ከዚያ ግን ማሰብ ጀመርኩ። እኔን እንዲህ ያቃጠለ አየር እነሱን እንዴት አይገድል? ብርዱ አይደለም የጨረሳቸው፣ እርጥበቱና ሽታው ነው። ጆንያውን ነቅዬ ጣልኩ። ከጣሪያው ሥር ያለውን ምርጊት አፈረስኩ፣ ከታች ያለውን ተውኩት፤ ነፋሱ ከበላያቸው ይለፍ እንጂ አይምታቸው። ያንን ጉድ ሁሉ ዝቄ አመድ ነሰነስኩበት፤ ላዩን ደረቅ ገለባ አለበስኩት። ከዚያ ወዲህ የሞተ የለም። የጥፍሬ ሽታ ግን በሎሚም አልለቅ አለኝ። ስበላ ይሸተኛል፤ ያቺ ሴት ሸሚዝህን ስታጥብ ሳስብ ደግሞ ይብስብኛል። ቱ!

ጌታው ግን ሳሉ ጠናበት። ከሌሎቹ ለይቼ ወደ ቤት አስገባሁት። ጓዳው ያፈሳል፣ ሳሎን እንግዳ ይመጣል። ስለዚህ ቆጥ የሠራሁለት መኝታ ቤት ነው፤ ከአልጋው በላይ፣ በአንተ በኩል። አዎ፣ ትራስህ ላይ ይኮሳል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይበልህ ብያለሁ። እንደ አንተ ሲያንኮራፋ ያድራል፤ እኔም እረግመዋለሁ። ዝም ሲል ግን ደንግጬ እነቃለሁ፣ እጄን ሰድጄ እዳስሰዋለሁ። ከትናንት ወዲያ ጥሬ ለቀመ። ዛሬ ጮኸ፤ ድምፁ ሻክሯል እንጂ ጮኸ።

መልሴን ትጠብቅ ይሆናል። ና አላልኩህም። ደብዳቤህን እያነበብኩ ያልከውን ሁሉ አምኜ የምሠራበት ዘመን አልፏል፤ ይህን ግን ዕወቅ። ለሽማግሌዎቹም ሌላ ነገር እንዳትነግራቸው።

የምትመጣ ከሆነ ግን ደብዳቤ የሚያመላልስልን ሾፌሩ ጆቴ ቀደም ብሎ ይንገረኝ። በዚህ ዝናብ የታጠበ ፍራሽ ቶሎ አይደርቅም፤ ዶሮ የኮሰበት ላይ ደግሞ ሰው አላስተኛም።

እመቤቴ ከመንገዱ ጭቃ ታውጣህ። ደረትህን ሸፍን።

ምንትዋብ