የአስራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ጉዳይ

ዶሪን፣

ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀሽ ብዪ። የውሻውን ክኒን አይብ ውስጥ ደብቂለት፣ አለበለዚያ ይተፋዋል።

እኔ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ሄጃለሁ።

ከንቲባው ሊያስቀረው ያሰበው አስራ አራት ቁጥር አውቶቡስ እንዳይቀር የጻፍኩትን ከከተማችን የፌስቡክ ግሩፕ አጠፋሽው። አስተዳዳሪዋ አንቺ ነሻ። «ፖለቲካ እዚህ አይፈቀድም» አልሽኝ፣ ሳሎን አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ በቴክስት። ድመት ጠፋብኝ ማለት ይፈቀዳል። የደጅህን በረዶ አልጠረግክም ብሎ ጎረቤትን ማዋረድም ይፈቀዳል። ሽማግሌው ኦልሰን ለኩላሊት እጥበቱ በምን ይሂድ ስል ግን ፖለቲካ ሆነ።

«የከንቲባው ዘበኛ» ስላልኩሽ አይቆጨኝም።
እህትሽ ፊት መሆኑ ግን ከንክኖኛል።

ግቢው ላይ የተከልኩትን «አውቶቡሳችንን አትንኩ» የሚል ሰሌዳም ነቅለሽ ጋራዥ ከተትሽው፣ «ቤታችንን ነገር ውስጥ አታስገቢው» ብለሽ። መልሼ ተክዬዋለሁ።

ደግሞ እዚያ ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው መጀመሪያ ማይክሮፎኑ ላይ ስሙንና የቤቱን አድራሻ ይናገራል፣ ደንቡ ነው። የቤታችንን ቁጥር ጮክ ብዬ ነው የምናገረው። ስብሰባው በቀጥታ ይተላለፋል፤ የግሩፕሽ ሰው ሁሉ ያየዋል።

እስቲ እሱን አጥፊው።

ትሩዲ