ሦስተኛው ክረምት

ይድረስ ለአስኩዬ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በታላቅ ክብር የማስታውቅሽ ጉዳይ አለ፤ ተቀምጠሽ ስሚኝ። ያ ጥቁር ጃንጥላሽ እጀታው ወልቋል። አደጋው የደረሰው ኢምፔሪያል ጋ በታክሲ ግፊያ ሲሆን በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። በፕላስተር ጠምጥሜዋለሁ። አሁን እግሩን ተሰብሮ ወጌሻ ቤት የዋለ ሽማግሌ መስሏል።

አንቺ ካረፍሽ ሰባት ክረምት አለፈ። የአስተማሪ ባል ዘመኑን በክረምት እንደሚቆጥር ታውቂያለሽ። ገርጂ የነበረው የኪራይ ቤታችን ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። እኛም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ቦሌ ቡልቡላ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገብተናል። ጤፍ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ ላይ ክሬን ቆሟል። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ እንደ እንግዳ ተነስተን ነው የምንቀበለው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ወሬ እናቋርጣለን፣ ካለፈ በኋላ ምን ስንል እንደነበር ይጠፋናል። አንቺ ብትኖሪ አይጠፋሽም ነበር።

ዋናው ወሬ ግን የማርታ ነው። በእጅሽ ያሳደግሻት የልጅ ልጃችን ዛሬ ጉርድ ሾላ አካባቢ ስድስተኛና ሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ዘጠነኛ ክፍል ለማስተማር ግን ተጨማሪ የምስክር ወረቀት ያስፈልግሻል ተባለች። ሦስት ክረምት መማር፣ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ፈታኞች ፊት ቆሞ ማስተማር። ዘንድሮ ሦስተኛዋ ክረምት ነው፤ የተከፈተው ቦታም አንድ ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዛ ካልመጣች መስከረም ላይ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የፈተናውን ወግ ላንቺ አልነግርሽም። በክረምት ተማሪ ስለሌለ አብረው የሚማሩት መምህራን ተማሪ ሆነው ይቀመጣሉ። ሽበት የወረሳቸው፣ ሃያ ዓመት ጠመኔ ሲውጡ የኖሩ ሰዎች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይሆናሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያዩትን ረብሻ ሁሉ የሚያወጡትም ያን ዕለት ነው። ስለዚህ ማርታ ለልምምድ የሚሆን ረባሽ ፈለገች። ከእኔ የተሻለ ከየት ታመጣለች?

ሰኔን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ተማሪ ሆንኩ። ቁም ሳጥኑ ሰሌዳ ሆነ። ሌላ ጊዜ እርስዎ የምትለኝ ልጅ ጠመኔ ስትይዝ አንተ አለችኝ። አንቀላፋሁባት፣ ቆሎ ቆረጠምኩባት፣ አጠገቤ የሌለ ልጅ መታኝ ብዬ ከሰስኩ። የማውቃት እንግሊዝኛ አንዲት ናት፤ እሷኑ በየአምስት ደቂቃው ወረወርኩ፦ «ቲቸር፣ ሜይ አይ ጎ አውት?» መጀመሪያ «አባባ፣ በማርያም ይተዉኝ!» እያለች ተናደደች። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን አገኘችው። «ትወጣለህ፤ የት እንደምትሄድና ለምን እንደምትሄድ ግን በእንግሊዝኛ ለክፍሉ ንገር» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። አምሽቼ ስገባ «የት ነበርክ? ለምን?» ትዪኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ያኔ በአማርኛም ብትጠይቂኝ ወሬ እቀይር ነበር።

ያንቺም ሦስተኛ የኮሌጅ ክረምት ትዝ አለኝ። ፈተናሽ ስምንት ቀን ሲቀረው ወገቤ ተያዘና ላክሁብሽ። በዚያው ጃንጥላ፣ ጭቃው እስከ ጉልበትሽ ደርሶ መጣሽ። አላጉረመረምሽም። ወገቤን በሙቅ ጨርቅ ስትተኩሺ ፈተናው አለፈ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሉ ለሌላ ተሰጠ፣ አንቺም እስከ ጡረታሽ አራተኛ ክፍልን አስተማርሽ።

ዘንድሮ ነሐሴ ማርታ ከከተማ ውጪ፣ ኮሌጁ ግቢ ነበረች። ፈተናዋ ሦስት ቀን ሲቀረው ጀሪካን ይዤ ደረጃ ስወጣ ወገቤ ቀጭ አለ። ደግፋ ያስገባችኝ ጎረቤታችን ጫልቱ ናት፤ ፎቁ የቆመበትን መሬት አባቷ ያርሱት ነበር። ለልጅቷ ካልደወልኩ ብላ ያዘችኝ። ስልኬን ትራሴ ሥር ደበቅሁባት።

«አባባ፣ ቢሞቱብኝ ምን እላታለሁ?»

«ከፈተናው በኋላ ሞተ በያት» አልኳት።

ማርታ ራሷ ስትደውል ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ነበር። እንዴት ነዎት ስትለኝ እስክስታ እየወረድኩ ነው አልኳት።

በፈተናው ቀን አንድ ራሰ በራ መምህር እጁን አውጥቶ «ሜይ አይ ጎ አውት?» አላት። የት፣ ለምን አለችው። ሰውየው ቆሞ አያቴ ታማ ነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጀመረ። ከኋላው ያለው በምን ታመመች ብሎ ጠየቀ፣ ሌላዋ ሐኪም ቤት ውሰዳት አለች፣ ክፍሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ተንጫጫ። ፈታኞቹ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ሳቁ። አለፈች። የጃንጥላሽ እጀታ የወለቀውም እሱንና ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ታስተምራለች።

ጃንጥላሽ በር ጀርባ ተሰቅሏል። ሐምሌ በገባ ቁጥር እሱን አውርጄ እዘረጋዋለሁ፣ አንቺንም አስብሻለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ ይህ አይቀርም።

ወሬ ሳወራሽ አንድ የፈጠራ ነገር ጣል እንደማደርግ ታውቂያለሽ። የቱ ነው ብለሽ ታፈጪብኝ ነበር። ራሰ በራው እውነት ነው። የዘንድሮው ወገቤም እውነት ነው፣ ጫልቱ ምስክሬ ናት። የፈጠርኩት ያኛውን ነው። ያንቺ ሦስተኛ ክረምት ላይ ወገቤን አላመመኝም ነበር። ለምን ካልሽኝ፣ አስኩዬ፣ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር።