አንድ ቁጥር የሌለው መጽሐፍ

መጋቢት 4
ዝናብ። የአሮጌ መጻሕፍት ሱቃችን ገበያ የለውም። የአጎቴ ዓይን እየደከመ ነው። የመጀመሪያ እትሞቹን የቆለፈበትን የመስታወት ቁምሳጥን ቁልፍ ለእኔ ወይ ለእህቴ ሊሰጥ አስቧል። «የመጀመሪያ እትም መለየት ለምትችለዋ» አለ። የምለየው እኔ ነኝ እኮ! እሷንም ያስተማርኳት እኔ። ታዲያ ምን አስፈራኝ?

መጋቢት 6
ሚጡ፣ ያቺው እህቴ፣ ከእርጥብ ካርቶን አንድ ልቦለድ አወጣች። ሽፋኑ እንኳ አልተቀደደም። «እትዬ፣ የመጀመሪያ እትም!» ብላ ጮኸች። አጎቴ ከወንበሩ ብድግ! ለእኔ ተነስቶ ያውቃል? አንጀቴ አረረ።

ነጥቄያት ገለጥኩት። ከርዕሱ ጀርባ፣ ግርጌው ላይ የቁጥር ረድፍ አለ። መጽሐፉ በድጋሚ በታተመ ቁጥር ትንሹ ቁጥር ከረድፉ ይሰረዛል። 1 ካለበት የመጀመሪያው ነው። የዚህ ከ2 ይጀምራል።

«ሁለተኛ ሕትመት ነው፣ የኔ እመቤት።»
«ከላዩ ‹የመጀመሪያ እትም› ይላል እኮ...»
«ማንሳቱን ረስተውት ነው። በይ ደጅ፣ ርካሾቹ ጋ አስቀምጪው።»

አጎቴም «እሷ ካለች አለች ነው» ብሎ ተቀመጠ። ሚጡ ፊቷ ክስም አለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

መጋቢት 7
ቁልፉ የኔ ሆነ! አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ዋልኩ። «ይገባሻል እትዬ» አለችኝ ሚጡ። ከልቧ ነው። ምናለ ትንሽ እንኳ ብትቀና?

መጋቢት 9
ቁምሳጥኑን ስወለውል የሚጡን ልቦለድ ያወጣው አሳታሚ ሌላ መጽሐፍ እጄ ገባ። አጎቴ ራሱ የመጀመሪያ ብሎ ያስቀመጠው። ረድፉ... ከ2 ይጀምራል። ከላዩ «የመጀመሪያ እትም»።

ውይ ጉዴ! ይሄ አሳታሚ 1 የሚባል አይጽፍም። ሁለተኛውን ሲያትም «የመጀመሪያ እትም» የሚለውን ያነሳል፣ ረድፉን አይነካም። የሚጡም የመጀመሪያ ነበር! አጎቴ ድሮ ነግሮኛል እኮ! ቅናቴ ነው ያስረሳኝ።

ሮጬ ደጅ ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ የለም። ተሸጧል ማለት ነው... እፎይ አልኩ። እፎይ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

መጋቢት 12
ልደቴ። ሚጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ፈታሁት። እሱው ራሱ!

«ደጅ ዝናብ ሊመታው ሆነ፣ አሳዘነኝና ገዛሁት። የመጀመሪያ ባይሆንም ታሪኩን ትወጂዋለሽ።»

ዝም ብል ማን ያውቃል? መጽሐፉም የኔ፣ ቁልፉም የኔ...

መጋቢት 13
እንቅልፍ የለም። ጠዋት አጎቴ ፊት እውነቱን ነገርኳት። ሚጡ በሳቅ ፍርስ አለች። «ታዲያ ልክ ነበርሽ በይኛ!» አጎቴ አልሳቀም። እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ከአንገቴ አወለቅኩ።

መጋቢት 15
ቁልፉ ሚጡ አንገት ላይ ነው። ያምርባታል፤ እሱም ያናድደኛል። መጽሐፉን ልመልስላት ብል «ስጦታ አይመለስም» ብላ ድርቅ አለች። «የእትዬ ነው፣ አይሸጥም» የሚል ወረቀት አድርጋበት ቁምሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችልኝ።

ከሰዓት ላነበው አማረኝ። ብዙ ዞርኩ፣ ወዲያ ወዲህ አልኩ። በመጨረሻ ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«ሚጡ... እባክሽ ክፈቺልኝ።»